ደርቆ የሚቆም፣ ርሶ የሚናድ፦ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ስለ ፓይል መሠረትና ስለ ደጋፊ ግንብ

(በአቦምሳ ከተማ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለነዋሪዎች ከቀረበ የሕዝብ ንግግር ከድምፅ ቅጂ የተገለበጠ። ለንባብ እንዲመች መጠነኛ እርማት ተደርጎበታል፤ በመጨረሻው ላይ ከታዳሚዎች የተነሡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ተካተዋል።)



ይህ ንግግር በአዳማ ወይም በአዲስ አበባ ሊቀርብ ይችል ነበር። ፎቁም፣ የቁፋሮ ማሽኑም፣ ቤተ ሙከራውም የሚበዛው እዚያ ነው። ወደ አቦምሳ ያመጣነው ግን በዚሁ ምክንያት ነው። በትልልቅ ከተሞች ስሕተት ሲሠራ የሚያይ ባለሙያ ብዙ ጊዜ በቅርብ ይገኛል። እንደ አቦምሳ ባሉ ከተሞች ግን ባለ አራትና ባለ አምስት ፎቅ ሕንጻ ሲመጣ፣ አብሮት መምጣት የነበረበት የመሠረት ዕውቀት ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል።

ዛሬ የምናገረው ነገር በመሠረቱ አንድ ነው። በስምጥ ሸለቆ የምናገኘው አብዛኛው አፈር ደረቅ ሳለ ከእውነተኛ ጥንካሬው በላይ ጠንካራ መስሎ ይታያል። ስለዚህ ፓይልም ሆነ ደጋፊ ግንብ መነደፍ፣ መቆፈርና መሞላት ያለበት አፈሩ ደርቆ ላየነው ቀን ሳይሆን ርሶ ለሚገኝበት ቀን ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ምክሮች ሁሉ ከዚህ አንድ ሐሳብ የሚመነጩ ናቸው።

አንድ የራሴን ገጠመኝ ላስቀድም። ከዓመታት በፊት በአንድ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ወደ አንድ የሕንጻ ሳይት ተጠርቼ ሄድሁ። ለምድር ቤት የተቆፈረው ጉድጓድ 4 ሜትር ያህል ጥልቀት ነበረው፤ ጎኑ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ያለ አንዳች ድጋፍ ቆሟል። ፎርማኑን ስለ ድጋፍ ስጠይቀው፣ «ኢንጂነር፣ አምስት ወር ሙሉ እንዲህ ቆሟል፤ አሁን ምን ይሆናል ብለው ነው?» አለኝ። እኔም ቶሎ እንዲደግፉት በቃል ነግሬ ሄድሁ። ሥራው ይቁም ብዬ በጽሑፍ አላዘዝሁም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊቱን ዘነበ። የጎረቤት ቤት የጣሪያ ውሃ በአሸንዳ ወርዶ ከጉድጓዱ አፍ ላይ ይጠራቀም ነበር። ሊነጋ ሲል ጎኑ ተናደ፤ የጎረቤቱን ኩሽና ይዞ ወረደ። ሠራተኞቹ ገና ስላልገቡ ሰው አልሞተም። ሁለት ሰዓት ቢዘገይ ኖሮ ግን ጉድጓዱ ውስጥ ሰዎች ነበሩ። ያ ጠዋት ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ በቃል የተሰጠ ማስጠንቀቂያ ማንንም እንደማያድን የተማርሁት ያን ጊዜ ነው።

፩. ከእግራችን በታች ያለው ምንድን ነው?

አቦምሳ የምትገኘው በአርሲ ደጋና በአዋሽ ሸለቆ መካከል ነው። ከአዳማ እስከ መተሐራ፣ ከሞጆ እስከ ባቱና ሻሸመኔ ያለው ምድር ከእሳተ ገሞራ የወጣ አመድ፣ ፑሚስ፣ ቱፍ፣ ኢግኒምብራይትና ባሳልት፣ በጥንት ሐይቆች ሥር የረጋ ደለል፣ ከደጋው በጎርፍ የወረደ አፈር፣ በየሜዳውም ዋልካ የተደራረበበት ነው። በአንድ ቦታ ላይ እነዚህ ሦስትና አራት ሆነው ተነባብረው ይገኛሉ። አራቱን ለይተን እንመልከት።

የመጀመሪያው አመድ መሰል ደቃቅ አፈር ነው። ደረቅ ሲሆን ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ በየቦረቦሩ የምናያቸው ቀጥ ያሉ ገደሎች ምስክር ናቸው። ጥንካሬው ግን አብዛኛው የራሱ አይደለም። በቅንጣቶቹ መካከል የቀረችው ጥቂት እርጥበት ቅንጣቶቹን እርስ በርስ ስባ ትይዛቸዋለች። ውሃ ሲበዛ ያ ስበት ይጠፋል። በቁጥር እንየው። ድጋፍ የሌለው ቀጥ ያለ ቁፋሮ ሊቆም የሚችልበት ከፍታ በግምት የአፈሩ የመጣበቅ ኃይል በ4 ተባዝቶ ለክብደቱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። የመጣበቅ ኃይሉ 15 ኪሎፓስካል፣ ክብደቱ በሜትር ኩብ 15 ኪሎኒውተን ቢሆን ከፍታው 4 ሜትር ይሆናል። አፈሩ ርሶ የመጣበቅ ኃይሉ ወደ 3 ኪሎፓስካል ቢወርድ ከፍታው 80 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። አምስት ወር የቆመው ጉድጓድ በአንድ ሌሊት የተናደበት ምክንያት በዚህ ስሌት ውስጥ አለ።

ሁለተኛው ፑሚስ ነው። በአረፋ የተሞላ ቀላል ድንጋይ ስለሆነ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል። ቅንጣቱ ሲጫን ይደቅቃል። በዚህም ምክንያት የኤስፒቲ ምት ቁጥር፣ ለተለመደው አሸዋ የተዘጋጀው ሠንጠረዥ እንደሚያነበው ሊነበብ አይገባም። አሸዋ ለፓይል የሚሰጠውን የጎን ሰበቃ ፑሚስ ላይሰጥ ይችላል።

ሦስተኛው የኢግኒምብራይት ወይም የባሳልት ንጣፍ ነው። የቁፋሮ መሣሪያው ደርሶበት ድምፁን ሲቀይር ሁሉም «አለት ደረስን» ይላል። ነገር ግን ንጣፉ አንድ ወይም ሁለት ሜትር ብቻ ውፍረት ኖሮት ከሥሩ ልል አመድ ሊተኛ ይችላል። በዚህ ንጣፍ ላይ የቆመ ፓይል በጣሪያ ላይ የቆመ ምሰሶ ማለት ነው።

አራተኛው ዋልካ ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስለ ዋልካ ብዙ ተጽፏልና በዚህ አልፈዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ አስታውሱ፤ ከደጋፊ ግንብ ጀርባ ፈጽሞ አይሞላም።

በዚህ ሁሉ ላይ ውሃው ራሱ ባለበት አይቆይም። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምሳሌ ከመተሐራ አጠገብ ያለው የበሰቃ ሐይቅ ነው። በሃያኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የነበረው ሐይቅ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኗል፤ የመኪናውም የባቡሩም መንገድ ከውሃው ጋር ሲታገል ኖሯል። መስኖ በተስፋፋበት፣ የውሃ ቧንቧ በሚያፈስበት፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ በበዛበት ከተማ የዛሬ የከርሰ ምድር ውሃ ልክ የዛሬ ሃያ ዓመት ልክ ይሆናል ብሎ መንደፍ አይቻልም። አበው «ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው» ይላሉ፤ መሠረትንም የሚወስደው እንዲሁ ነው።

፪. መጀመሪያ፣ ፓይል ያስፈልጋል ወይ?

ፓይል የክብር ምልክት አይደለም። ለባለ ሦስት ፎቅ ሕንጻ በደንብ የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ላይ ያረፈ ራፍት በብዙ ቦታ ይበቃል። ፓይል የሚያስፈልገው ጠንካራው አፈር ሩቅ ሲሆን፣ ላይኛው አፈር ሲርስ የሚሰምጥ ሲሆን፣ ጭነቱ ከባድ ሲሆን፣ ወይም እንደ ድልድይ ውሃ ሥሩን ሊጠርገው የሚችል ሲሆን ነው።

ይህን የሚወስነው የአፈር ምርመራ ነው። ለሕንጻ ቢያንስ ሦስት የምርመራ ጉድጓድ ይቆፈር። ጥልቀቱ ፓይሉ ከሚያርፍበት ደረጃ በታች ቢያንስ 5 ሜትር ይውረድ፤ የፓይሉ ስፋት ሦስት እጥፍ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ ደግሞ እስከዚያ ይዝለቅ። ቀደም ሲል ያልሁት ሐሰተኛ አለት የሚጋለጠው በዚህ ብቻ ነው። ከተወሰደው ናሙና ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ሙከራ እንድትጠይቁ እመክራለሁ፤ አፈሩን ጭኖ ውሃ በመጨመር ምን ያህል እንደሚሰምጥ መለካት። ይህ ሙከራ ውድ አይደለም፤ ነገር ግን በብዙ ሪፖርት ውስጥ አይገኝም።

ላይኛው አፈር ሲርስ የሚሰምጥ ከሆነ ለፓይሉ ሌላ ጣጣ ያመጣል። አፈሩ ወደ ታች ሲወርድ ፓይሉን መደገፉን ትቶ ይጎትተዋል። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር የሆነ ፓይል ዙሪያው 2.5 ሜትር ገደማ ነው። ላይኛው 5 ሜትር አፈር በካሬ ሜትር 20 ኪሎኒውተን ቢጎትት፣ ፓይሉ ላይ ወደ 250 ኪሎኒውተን፣ ማለትም 25 ቶን ገደማ፣ ማንም ያልቆጠረው ጭነት ይጨመራል። ነዳፊው ይህን አፈር እንደ ደጋፊ ከቆጠረው ደግሞ ስሕተቱ እጥፍ ነው።

፫. ፓይል ሲቆፈርና ሲሞላ

በአካባቢያችን የሚመቸው ተቆፍሮ በኮንክሪት የሚሞላው ፓይል ነው። በመዶሻ የሚመታው ፓይል ንዝረቱ ለጎረቤት ቤት አይመችም፤ የአለት ንጣፍ ሲያጋጥመውም ይሰበራል። በቁፋሮ የሚሠራው ፓይል ግን አንድ ችግር አለው፤ ከተሞላ በኋላ ማንም አያየውም። ስለዚህ ጥራቱ የሚወሰነው በሥራው ቀን በሚደረገው ክትትል ነው።

ስለ ጉድጓዱ ጎን። ደረቅ አመድ ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ያለ ድጋፍ ይቆማል፤ ይህ ግን ማንንም አያታልል። ልል ፑሚስ ሲደርስ ጎኑ ይረግፋል፣ ከውሃ ልክ በታች ደግሞ ይፈስሳል። መፍትሔው የብረት ኬሲንግ ወይም ቤንቶናይት ነው። ፑሚስ ቀዳዳው ሰፊ ስለሆነ ቤንቶናይቱ በድንገት ሊሰርግ ይችላል። የፈሳሹ ከፍታ ሲወርድ ቁፋሮው ቆሞ ወዲያውኑ ይሞላ፤ ይህ በሚደጋገምበት ቦታ ኬሲንግ የተሻለ ነው። የተቆፈረ ጉድጓድ ሳይሞላ አይደር። ቁፋሮ፣ ብረትና ኮንክሪት በአንድ ቀን ማለቅ አለባቸው፤ ኮንክሪቱ በሰዓቱ እንደማይደርስ ከታወቀ ቁፋሮው አይጀመር። ገና ባልጠነከረ ፓይል አጠገብም ሌላ አይቆፈር።

ስለ ጉድጓዱ ወለል። ፓይል ጭነቱን የሚያስተላልፈው በጎኑ ሰበቃና በጫፉ ነው። የጎኑ ሰበቃ ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲሰምጥ ይነሣል። ጫፉ ሙሉ ኃይሉን እንዲሰጥ ግን የስፋቱን አንድ አሥረኛ ያህል መስመጥ ይኖርበታል፤ 80 ሴንቲ ሜትር ለሚሰፋ ፓይል 8 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ወለሉ ላይ የረገፈ ልል አፈር ቀርቶ ከሆነ ጫፉ ከመሥራቱ በፊት ሕንጻው ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወለሉ ይጠረግ፤ ከተጠረገ በኋላ ክብደት በታሰረበት ሜትር ጥልቀቱ ይለካ፤ ኮንክሪት ከመፍሰሱ ጥቂት ቀደም ብሎ እንደገና ይለካ። በሁለቱ ልኬቶች መካከል ልዩነት ካለ አፈር ረግፏል ማለት ነውና እንደገና ይጠረግ። ይህን ለመሥራት የሚያስፈልገው አንድ ሜትር፣ አንድ ክብደትና አሥር ደቂቃ ነው።

ስለ ኮንክሪቱ። ውሃ ወይም ቤንቶናይት ባለበት ጉድጓድ ኮንክሪት የሚወርደው እስከ ወለሉ በሚደርስ ቧንቧ ነው። የቧንቧው ጫፍ ሁልጊዜ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ያህል በኮንክሪቱ ውስጥ ተቀብሮ ይቆይ። ቸኩሎ የሚነቅለው ሰው ፓይሉን ከመካከሉ በጭቃ ይቆርጠዋል። ኮንክሪቱ በራሱ እንዲፈስስ ስላምፑ ከ18 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን፤ ነገር ግን ይህ የሚገኘው በፋብሪካው በሚጨመር ኬሚካል እንጂ ሳይት ላይ ሹፌሩ በሚጨምረው ውሃ አይደለም። ፌሮው የአፈሩን ጎን እንዳይነካ ስፔሰር ይታሰርበት፤ ሽፋኑ 7.5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። በመጨረሻም ከሚፈለገው ከፍታ በላይ ከግማሽ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ተጨማሪ ይሞላ፤ ላይኛው የቆሸሸ ኮንክሪት ኋላ ተቆርጦ ይጣላል።

አሁን ለተማሪዎች ከሁሉ በላይ የምመክረውን ልናገር፤ መዝግቡ። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 15 ሜትር የሆነ ፓይል በስሌት 7.5 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ይወስዳል። 12 ሜትር ኩብ ከወሰደ ጎኑ ተናዶ ዋሻ ሠርቷል፤ ወይም ኮንክሪቱ ልል ፑሚስ ውስጥ ገብቷል። 6.5 ብቻ ከወሰደ ደግሞ የሆነ ቦታ አንገቱ ቀጥኗል። ይህ ቁጥር ማንኛውም የዲፕሎማ ተማሪ በደብተር ሊይዘው የሚችል፣ የማይታየውን ፓይል የሚያሳየን መስኮት ነው። ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ ሁሉም ፓይሎች በትንሽ መዶሻ የድምፅ ሞገድ ሙከራ ይመርመሩ፤ ቢያንስ አንዱ ደግሞ ከታሰበለት ጭነት አንድ ተኩል እጥፍ ተጭኖ ይፈተሽ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በማሽን ዕጥረት ጠባብ ጥልቅ ጉድጓድ ሰው አውርዶ ማስቆፈር ይታያል። ድጋፍ በሌለው ጉድጓድ ሰው አይውረድ። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ተኩል ቶን በላይ ይመዝናል፤ እስከ ደረቱ የተቀበረ ሰው ራሱ ባይሸፈንም መተንፈስ አይችልም። ፍል ውሃና የእሳተ ገሞራ ሙቀት ባለበት ምድር ደግሞ ከአየር የሚከብድ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በጉድጓድ ሊጠራቀም ይችላል፤ አይታይም፣ አይሸትም።

፬. ደጋፊ ግንብ የሚወድቀው በምንድን ነው?

ደጋፊ ግንብ ሲወድቅ ብዙ ጊዜ «ሲሚንቶው አንሶ ነው» ይባላል። ከወደቁ ግንቦች ብዙዎቹን የጣላቸው ግን መውጫ ያጣ ውሃ ነው። ስሌቱን በሰሌዳው ላይ እንሥራው።

4 ሜትር ከፍታ ያለው ግንብ ከጀርባው ደረቅ አሸዋ አለ እንበል። የአሸዋው ክብደት በሜትር ኩብ 18 ኪሎኒውተን፣ ወደ ጎን የሚገፋው የክብደቱ አንድ ሦስተኛ ቢሆን፣ በአንድ ሜትር ርዝመት የሚያርፈው ግፊት 48 ኪሎኒውተን ነው። አሁን ከጀርባው ውሃ እስከ አፉ ሞላ እንበል። አሸዋው በውሃ ውስጥ ስለሚቀል የእርሱ ግፊት ወደ 24 ይወርዳል። ውሃው ግን ብቻውን 80 ይገፋል። ድምሩ 104 ኪሎኒውተን ነው። ግንቡም፣ አሸዋውም፣ ሲሚንቶውም አልተቀየሩም፤ ግፊቱ ግን ከእጥፍ በላይ ሆነ።

ስለዚህ በግንብ ሥራ የመጀመሪያው ወጪ ለውሃ መውጫ ይሁን። ከግንቡ ጀርባ ከ30 ሴንቲ ሜትር የማያንስ የንጹሕ ጠጠር ንጣፍ ይደረግ፤ አፈሩ ገብቶ እንዳይደፍነው በማጣሪያ ጨርቅ ይለይ። ከሥሩ ውሃውን የሚሰበስብ ቀዳዳ ቧንቧ ይተኛ። በግንቡ ውስጥ በየ1.5 እስከ 2 ሜትር ርቀት የውሃ መውጫ ቧንቧ ይቀበር። ከላይ ደግሞ የዝናብ ውሃ ወደ ግንቡ ጀርባ እንዳይገባ ቦይ ይሠራ። በአሸዋማ አመድ አካባቢ ማጣሪያ የሌለው የውሃ መውጫ ከማይኖር እኩል ነው፤ ውሃው ደቃቁን አፈር በጥቂት በጥቂቱ ይዞ ይወጣና ከጀርባ ዋሻ ይተዋል።

የኋላው ሙሌት በ20 ሴንቲ ሜትር ንጣፍ እየተሞላ ይጠቅጠቅ። ከግንቡ አንድ ሜትር ክልል ውስጥ ግን ከባድ ሮለር አይግባ፤ በቀላል መጠቅጠቂያ ይሠራ። የግንቡ እግር ስፋት ለመነሻ ግምት የከፍታው ግማሽ እስከ ሰባት አሥረኛ ይሁን። በእኛ ከተሞች የማየው የድንጋይ ግንብ ብዙውን ጊዜ ከዚህ እጅግ የጠበበ ነው። ኮረብታ ዳር ላይ ጋቢዮን ጥሩ አማራጭ ነው፤ ውሃ ያሳልፋል፣ ትንሽ ሲሰምጥም አይሰነጠቅም፣ የአካባቢውን ድንጋይና የአካባቢውን ጉልበት ይጠቀማል።

ጠልቆ ለሚቆፈር ምድር ቤት ከቁፋሮው በፊት የፓይል ረድፍ ተክሎ እርሱን እንደ ግንብ መጠቀም የተለመደ ነው። ከላይ ያልታሰረ ረድፍ እስከ 4 ወይም 5 ሜትር ያገለግላል፤ ከዚያ በላይ ማሰሪያ ወይም ተሻጋሪ ድጋፍ ያስፈልገዋል። ከቁፋሮው ወለል በታች የሚቀበረው ርዝመት ቢያንስ ከተቆፈረው ከፍታ ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አስታውሱ። በፓይሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ከደረቅ ፑሚስ ጋር ሲገናኝ አፈሩ እንደ እህል ይፈስሳል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ቁፋሮው እየወረደ በዚያው ቀን በኮንክሪት ርጭት ወይም በጣውላ ይዘጋ፤ ለውሃ ግን ቀዳዳ ይተውለት።

ሌላው የኤክስካቫተሩ ስሕተት ነው። ንድፉ 4 ሜትር ሲል ማሽኑ 4.4 ይቆፍራል። ለእግር የሚይዘው አፈር ያን ያህል ቀነሰ ማለት ነው። የአውሮፓው የጂኦቴክኒክ ደንብ፣ ያም እ.ኤ.አ. በ2015 በኢትዮጵያ ደረጃነት የወጣው፣ ያልታሰበ ቁፋሮ ይደርሳል ብሎ ከከፍታው 10 በመቶ፣ ቢበዛ ግማሽ ሜትር፣ እንዲታሰብ የሚያዘው በዚሁ ምክንያት ነው። ነዳፊው ይህን ያስላ፤ ፎርማኑ ደግሞ እንደ ፈቃድ አይቁጠረው።

፭. ጎረቤት

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ባለርስት የጎረቤቱን መሬት በሚያናጋ መንገድ እንዳይቆፍር ይከለክላል። የሕንጻ አዋጁም ገንቢው ለአጎራባች ንብረት ደኅንነት ጥንቃቄ እንዲያደርግ ግዴታ ያስገባዋል። ሕጉ አለ፤ ተግባሩ ግን ከቁፋሮ በፊት በሚሠሩ ትንንሽ ነገሮች ይጀምራል።

ከመቆፈራችሁ በፊት ከጎረቤቱ ጋር ሆናችሁ ቤቱን ዙሩ፤ ያለውን ስንጥቅ ሁሉ ከነቀኑ ፎቶ አንሡ። በስንጥቁ ላይ ጂብሰም ቀቡ፤ ጂብሰሙ ሲሰነጠቅ ቤቱ እየተንቀሳቀሰ ነው። ከግድግዳው ቱምቢ አንጠልጥሉ፤ በየጠዋቱ ለኩ። የጎረቤቱን የአሸንዳ ውሃ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድና የውሃ መሥመር የት እንደሆነ እወቁ። በጎረቤት መሬት ሥር ማሰሪያ የምታስገቡ ከሆነ ፈቃዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የተቆፈረውን አፈርና የተከመረውን ድንጋይ ከጉድጓዱ አፍ አርቁ። ከክረምት በፊት የማያልቅ ቁፋሮ ደግሞ በግንቦት አትጀምሩ።

፮. ምድሩ ሲንቀጠቀጥ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌና በዶፋን አካባቢ የተከታተለውን መንቀጥቀጥ ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። የካቲት 7 ቀን 2017 ዓ.ም. የደረሰው መጠኑ 6 ገደማ ነበር፤ ከሥፍራው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተፈናቅለዋል፤ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1906 በላንጋኖ አካባቢ፣ በ1961 ደግሞ በካራ ቆሬ ከዚህ የበረቱ ደርሰዋል። የቀድሞው የእ.ኤ.አ. 1995 ደንብ የተመሠረተው በአማካይ በ100 ዓመት አንድ ጊዜ በሚደርስ መንቀጥቀጥ ላይ ሲሆን፣ የ2015ቱ ወደ 475 ዓመት ከፍ አድርጎታል። በአሮጌው ደንብ የተነደፈ ሥዕል ለአዲስ ሕንጻ አይገልበጥ።

ለፓይል የሚከተለው ትርጉም አለው። ፓይል የሚጎዳው በአብዛኛው ከራሱ አጠገብ፣ ከላይኛው ጥቂት ሜትር ውስጥ ነው፤ ልል አፈር ከጠንካራ አፈር ጋር የሚገናኝበት ቦታም እንዲሁ። በእነዚህ ቦታዎች ቀለበት ፌሮው ይቀራረብ። የፓይል ራሶች በመሬት ቢም እርስ በርስ ይታሰሩ። ግንብም ሲንቀጠቀጥ ከተለመደው የበለጠ ይገፋልና ስሌቱ ይህን ይጨምር። አንድ ነገር ግን ፓይል አይፈታም፤ በስምጥ ሸለቆው ከከባድ ዝናብ በኋላ የሚከፈቱ ረጃጅም የመሬት ስንጥቆች አሉ። በስንጥቅ ላይ የሚያዋጣው መሸሽ ብቻ ነው። ሽማግሌዎችን ጠይቁ፤ ውሃ የዋጠ፣ ከብት የገባበት ስንጥቅ የት እንደነበረ እነርሱ ያውቃሉ።

ወደ መደምደሚያው ልምጣ። ከነገርኋችሁ ምክሮች አብዛኞቹ ውድ ማሽን አይፈልጉም። ሜትርና ክብደት፣ ደብተር፣ ጠጠርና ቧንቧ፣ ጂብሰምና ቱምቢ ናቸው። ውድ የሚሆነው «ይህ ጉድጓድ ሳይደገፍ ሰው አይግባበት» ብሎ በጽሑፍ የሚያዝ ሰው ነው። ከዚህ አዳራሽ ከምትወጡት ተማሪዎች እንዲህ ያለ ሰው ይገኝ ዘንድ ነው ልፋታችን።

ከታዳሚዎች የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ (በአፋን ኦሮሞ ከአንዲት እናት የቀረበ) ከግቢዬ አጠገብ ፎቅ ሊሠራ ጉድጓድ ተቆፍሯል። ግድግዳዬ ላይ ቀጭን ስንጥቅ አይቻለሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እማማ፣ ዛሬውኑ ሦስት ነገር ያድርጉ። መጀመሪያ፣ የጣሪያዎ ውሃ ወደ ጉድጓዱ በኩል የሚወርድ ከሆነ በሌላ ጎን ያዙሩት። ሁለተኛ፣ ስንጥቁን በልጆችዎ ስልክ ከነቀኑ ያስነሡ፤ ጂብሰምም ያስቀቡት። ሦስተኛ፣ ለከተማው የግንባታ ፈቃድ ክፍል በጽሑፍ ያመልክቱ፤ የደረሰኙን ቅጂ ይያዙ። ስንጥቁ ከሰፋ ወይም በርና መስኮት አልዘጋ ካለ በዚያ በኩል ባለው ክፍል ማንም አይደር። ስብሰባው ሲያልቅ ከተማሪዎቹ ጋር ሄደን እናየዋለን።

ጥያቄ፦ (ከተማሪ) ባለንብረቱ የአፈር ምርመራ ወጪ በዛብኝ ቢል ምን እንመልስለት?

መልስ፦ ምርመራው ብዙ ጊዜ ገንዘብ ይቆጥባል። ሦስት የምርመራ ጉድጓድ ፓይል እንደማያስፈልግ ካሳየ ወጪውን በብዙ እጥፍ ይመልሳል። ያስፈልጋል ካለም ርዝመቱን በትክክል ይነግረናል። ያልመረመረ ነዳፊ ፈርቶ ያስረዝማል ወይም ደፍሮ ያሳጥራል፤ በሁለቱም ከፋዩ ባለንብረቱ ነው።

ጥያቄ፦ (ከመምህር) ደረቅ አፈር ያለውን የመጣበቅ ኃይል ጨርሶ አንቁጠረው ነው የሚሉት? ለጊዜያዊ ቁፋሮ ይህ ከመጠን በላይ ጥንቃቄ አይሆንም?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው። ለጥቂት ቀናት፣ በበጋ፣ አፉ ተሸፍኖ ውሃ እንደማይደርስበት ከተረጋገጠ፣ በየቀኑም የሚመለከተው ኃላፊ ካለ ከፊሉን መቁጠር ይቻላል። ነገር ግን በአገራችን ጊዜያዊ የተባለ ቁፋሮ በገንዘብ ወይም በሲሚንቶ ዕጥረት ክረምት ሲያልፍበት አይተናል። ስለዚህ በስሌቱ ላይ «እስከዚህ ቀን ድረስ ብቻ» የሚል ቀን ይጻፍ፤ ቀኑ ሲያልፍ ይደገፍ ወይም ተመልሶ ይሞላ። ቀን ያልተጻፈበት ጊዜያዊ ቁፋሮ እንደ ቋሚ ይቆጠር።